የጥላ ምራቅ

ጥቅምት 3

ጢያራዬ፤

ሰላምታዬ ከእኔ ቀድሞ በርሽን ያንኳኳ፤ ካልተመቸሽም ደጅ ይጠብቅሽ። ፈጣሪ ከክፉ ዓይንና ከክፉ አለቃ ይሰውርሽ። እኛ ደህና ነን። አክስትሽም ደህና ናት። ልቧ ያው እንደምታውቂው ነው፤ አንዴ ይሮጣል፣ አንዴ ይቆማል። ባለፈው ወር ሁለት ጊዜ እኔው የምሠራበት ሆስፒታል፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝታ ወጥታለች። "ባሌን ሥራ ቦታው ድረስ ልከታተለው ብዬ ነው" እያለች ነርሶቹን ታስቃቸዋለች። ደብዳቤሽን ትራሷ ሥር ነው የምታኖረው። በስልክ ብናወራ ይቀላል ትያለሽ፤ እሷ ግን "የስልክ ወሬ ሲዘጉት ይጠፋል፣ ወረቀት ግን ባሰኘኝ ሰዓት አወጣዋለሁ" ትላለች። ስለዚህ ወረቀት ላይ እንቆይ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ሥራ ነው። እዚህ ለሚሰበረው መሣሪያ ሁሉ ጠጋኙ እኔ ነኝ። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ እያንዳንዱ አልጋ አጠገብ የልብ ትርታ የሚያሳይ ስክሪን አለ። የሁሉም ስክሪን ወሬ ወደ አንድ ኮምፒውተር ይሄዳል። እሱ ያያል፣ ያመዛዝናል፣ የአንዱ ልብ ካጠፋ ደወል ይደውላል። ነርሶቹ ጥቂት ናቸው፤ በየአልጋው ቆመው መዋል አይችሉም፤ ደወሉን አምነው ነው የሚሠሩት። ያ ኮምፒውተር አሁን አርጅቷል። አንዳንዴ ነርሷ ራሷ ደርሳ በሽተኛውን ካዳነች በኋላ ነው "ኧረ ድረሱ" ብሎ የሚጮኸው። አዲስ እንዲገዛ ተፈቅዷል።

ችግሩ የግዢ ኃላፊያችን ነው። "ጉሮሮ" ነው የምንለው፤ የሚገዛው ሁሉ በእሱ ሳይወርድ አይገባምና። የጓደኛው ሱቅ የሚሸጠውን ጥቁሩን ማሽን ካልገዛን ብሎ ድርቅ ብሏል። ግዙፍ ነገር ነው፤ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ሌላ አቅራቢ ደግሞ ግራጫ አምጥቷል፤ ቀጭን፣ ድምፅ የሌለው። የእኔ ልብ ግራጫው ላይ ነው፤ ግን ልቤ ወደደው ብዬ ኮሚቴ ፊት አልቆምም። አንቺ የኮምፒውተር ፍጥነት የሚለካበት ቤት ነው የምትሠሪው። የሁለቱን ቁጥር ላኪልኝ። ሰው ዘመድ አለው፣ ቁጥር ግን ዘመድ የለውም። ጉሮሮን የሚያንቀው እሱ ብቻ ነው።

አክስትሽ ከመኝታ ቤት ሆና "ምራቅ ተፋላት፣ ቶሎ ትመልሳለች" ትለኛለች። ትዝ ይልሻል? ሱቅ ስልክሽ ደጃፉ ላይ እተፋና "ሳይደርቅ ተመለሺ" እልሽ ነበር። ተመልሰሽ ስናየው ሁልጊዜ እርጥብ! "ከዚህች የሚፈጥን የለም፣ ጢያራ ናት" እያልኩ ጎረቤቱን አሰለቸሁት። አክስትሽ ግን "ጥላ ላይ እየተፋህላት መች ይደርቃል!" ብላ ታጋልጠኛለች። "የጥላ ምራቅ" የሚለው ነገር በቤታችን የቀረው ከዚያ ነው፤ እሷ ለማጋለጥ ትለዋለች፣ እኔ ለማቆላመጥ።

አጎትሽ

ጥቅምት 29

ለተከበሩት ጋሼ፤

ጉልበትዎን ስሜያለሁ፤ የእትዬን ግንባር ደግሞ እርስዎ ይሳሙልኝ። ዕድሜና ጤና ከሁለታችሁ ቤት አይውጣ። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ገብቷል፣ ቀኑ አጥሯል፣ ከዚያ በቀር የሚነገር ነገር የለኝም። ጉሮሮ የሚለውን ስም ያወጣው ሰው ይባረክ፤ አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ሰው ዞሮ አየኝ።

የጠየቁኝን ልመልስ። እኛ ለማንኛውም ማሽን አንድ ዓይነት ሥራ እንሰጠዋለን። ቁጥር ይደምራል፣ ስም በፊደል ተራ ይደረድራል፣ ሥዕል ያሳድጋል ያሳንሳል። በምን ያህል ጊዜ እንደጨረሰ ይለካና ሁሉም ተጨምቆ አንድ ነጥብ ይወጣለታል። አንዳንድ ሰው ይህን ይንቀዋል፤ እኔ ጥቅሙን በዓይኔ አይቻለሁ። አምና አንድ ሻጭ አዲስ ነው ብሎ ያመጣውን ማሽን ብንፈትነው ነጥቡ ሄዶ ከአሮጌዎቹ ጎን ቁጭ አለ። ከፍተን ስናየው ቀፎው አዲስ፣ ሆድ ዕቃው አሮጌ። ትምህርት ቤቶች ሊገዙት ተሰልፈው ነበር። ፈተናው ባይኖር ማን ያውቅ ነበር? ሻጭ መቼም "ዕቃዬ ቀርፋፋ ነው" ብሎ አያውቅም።

የሥራ ክፍሌን ቢያዩት ይገርምዎታል። መስኮት የለውም። ማሽኖቹ እንዳይሞቃቸው ተብሎ እንደ ሥጋ ማቀዝቀዣ ይቀዘቅዛል፤ በበጋም ሹራብ ደርቤ ነው የምውለው። ሻይ ይዤ እገባለሁ፣ ማሽኑን አስነሳለሁ፣ በዚያ ብርድ እንኳ ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ፈተናው ያልቃል። ነጥቡ ይለጠፋል፣ ቀጣዩ ይገባል።

ወደ ቁም ነገሩ ስመጣ፣ ግራጫው የጥቁሩን እጥፍ ሊያመጣ ምንም አልቀረው። የለካሁት እኔው ራሴ ነኝ። ማኅተም ያለበትን የውጤት ወረቀት አብሬ ልኬያለሁ፤ ጉሮሮ ፊት ዘርግተው ያንብቡለት። እትዬ እዚያ ክፍል ስትገባ ደወሉ በጊዜው እንዲደውልላት እኔም ከዚህ ሆኜ አንድ ነገር አደረግኩ ማለት ነው። ከእናንተ ርቄ ስኖር እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ልጅዎ ጢያራ

ኅዳር 21

ጢያራዬ፤

የሚያኮራ ወሬ እንዳሰማሽኝ የሚያኮራ ወሬ ያሰማሽ። ደጅሽ ይስፋ፣ ጠላትሽን ይጥበበው። እኛ ደህና ነን።

ጉሮሮን አነቅነው! ኮሚቴው ሲሰበሰብ ደብዳቤሽንም የውጤት ወረቀቱንም ከላይ እስከ ታች ጮክ ብዬ አነበብኩ። የሥጋ ማቀዝቀዣው ጋ ስደርስ ሳቁ። ጉሮሮ መነጽሩን አወለቀና፦

"ይሄን የለካው ማን ነው?" አለ።

"የእህቴ ልጅ ናት።"

"ቁጥር ዘመድ የለውም ስትል አልነበር እንዴ?"

ሰዉ ሁሉ በእኔ ሳቀ። እኔም አልተኛሁለትም፤ "ዘመድነቷ ለእኔ ነው እንጂ ለማሽኑ አይደለም" አልኩት። እሱም የዋዛ አይደለም። "ጥቁሩ በሬ ነው፤ አይሮጥም፣ ግን ውሎ ያርሳል" አለ። "እኛ የምናርሰው መሬት የለንም፣ ሰው የሚያተርፍ ፈረስ ነው የምንፈልገው" ስለው ዋና ሐኪሙ ጠረጴዛውን መታ። እጅ ሲወጣ ያልተነሣው የጉሮሮ እጅ ብቻ ነበር። ግራጫው ታዝዟል፤ እስከ ጥር ይገባል።

የሚቀመጥበትን ቦታ ከወዲሁ እያዘጋጀሁ ነው። ክፍሉን አታውቂውም፤ ፊቱ ወደ ምዕራብ ነው፣ ከምሳ በኋላ ፀሐይዋ ገብታ ትቀመጥበታለች። የአየር ማቀዝቀዣው ከተበላሸ ቆይቷል፤ ዕቃው አይገኝም። መስኮቶቹ አቧራ እንዳይገባ ተብለው ታሽገዋል። ለማሽኑ ግን መስኮቱ ሥር ጥሩ የብረት ቁም ሳጥን አሠርቼለታለሁ፤ ቁልፍ አለው፣ ሌባም አቧራም አይደርስበትም። እንደ ሙሽራ ነው የማኖረው።

አክስትሽ ሰሞኑን ትንሽ ደከም ብላለች፤ ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ ቁጭ ትላለች። "ማሽኑ ሲመጣ መመረቁ የእኔ ድርሻ ነው" እያለች ትቀልዳለች። እንዳትጨነቂ።

አጎትሽ

ጥር 2

ለተከበሩት ጋሼ፤

ሰላም ለቤቱ፤ ሰላም ለእትዬ ደረጃ፣ እግሯ ሥር ይጠርልን። እኔ ደህና ነኝ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጀምሬ ቀደድኩት፣ ደግሞ ጀምሬ ቀደድኩት።

ጋሼ፣ ደብዳቤዬን ኮሚቴ ፊት ማንበብዎን ሳይ ደነገጥኩ። አይቆጡኝ፤ ለእርስዎ የምጽፈው ለእርስዎና ለእትዬ ብቻ ይሁንልኝ። እዚህ አጠገቤ ይሠራ የነበረ ልጅ ያልወጣ ውጤት ለጓደኛው አወራ ተብሎ ዕቃውን በካርቶን ተሸክሞ ወጣ። የመኖሪያ ወረቀቱ ከሥራው ጋር የታሰረ ነበርና እሱም አብሮ ሄደ። የእኔም ከሥራዬ ጋር ነው የታሰረው። ሁላችንም ስንቀጠር የምንፈርማት አንዲት ገጽ አለች።

ልጠይቅዎ፣ ክፍሉ ከምሳ በኋላ በጣም ይሞቃል? ቁም ሳጥኑ ከኋላው ክፍት ነው? ማሽኑ ገና ካልመጣ ግዢውን ትንሽ ማቆየት አይቻልም? ጥቁሩም ክፉ ማሽን አይደለም። ጉሮሮ ስለ በሬ የተናገረውን ሳስበው ሰነበትኩ።

እኔ የምጠየቀው ሻዬ ሳይቀዘቅዝ የሆነውን ነው። ሻዩ ከቀዘቀዘ በኋላ ምን እንደሚሆን የሚጠይቀኝ የለም፤ እኔም ሳልጠየቅ ብናገር አይወደድልኝም። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም፤ የቀረውን ሆድ ይፍጀው። ብቻ አንድ ነገር ልበልዎ፣ በቤታችን ቋንቋ ነው፤ እትዬም ትስማው። ያ የላክሁልዎ ቁጥር የጥላ ምራቅ ነው።

እንደሚገባዎት አውቃለሁ።

ልጅዎ ጢያራ

ጥር 27

ጢያራዬ፤ የአገር ልጅ፣ የወገን ልጅ፤

እንዳሰብሽልን ፈጣሪ ያስብልሽ፤ ጥላ እንደሆንሽልን ጥላ ይሁንሽ። እኛ ደህና ነን።

ገባን! እንዳልሽው እኔና አክስትሽ ብቻ ነን ያነበብነው። "የጥላ ምራቅ" የምትለዋ ጋ ስደርስ እንባዬ መጣ። አክስትሽ ግን ፊቷ ልውጥ አለና "ምን ማለቷ ነው?" አለችኝ። አስረዳኋት። "ልጅቷ ጥላ ላይ ተፋችልን ማለት ነዋ! ከማሽኖቹ ሁሉ ደህናውን መርጣ ወደ እኛ እንዲመጣ አድርጋለች፤ በግልጽ ብትጽፈው አድልተሻል ብለው ያባርሯታል" አልኳት። እሷም "እኔ ስለው ግን ለሌላ ነገር ነበር" አለች። ተውኳት፤ መድኃኒቱ ያደክማታል።

ስለ ጥቁሩ ደግ መናገርሽ ደስ አለኝ፤ ለተሸነፈ ማዘን የአስተዳደግሽ ነው። ስለ ክፍሉ ሙቀት መጠየቅሽም አክስትሽን አስበሽ እንደሆነ ገብቶኛል። ነርሶቹ ከሰዓት በኋላ እርጥብ ፎጣ ያደርጉላታል። አዎ፣ ተኝታለች፤ ካሰብነው ትንሽ ቀደም አለ። መስኮቱ ሥር ያለው አልጋ ነው የደረሳት፣ ከማሽንሽ ጎን። "ልጄ አጠገብ ነኝ" ትላለች፤ እጇን ዘርግታ ቁም ሳጥኑን ትነካዋለች።

ማሽኑን ያስመረቅነው ጠዋት ነው። ዋና ሐኪሙ ሳይቀር ቆሞ አየ። የሁሉንም አልጋ ስክሪን አገናኘሁት፤ አንዱን ሽቦ ነቅዬ ሳሳያቸው ጣቴ ከሽቦው ሳይለይ ደወሉ ጮኸ። አጨበጨቡ። ጉሮሮ እንኳ መጥቶ እጄን ጨበጠኝ፤ "አሸነፍከኝ" አለ።

አንዳንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስክሪኑ ትንሽ ያዛጋል፤ መስመሩ ቀጥ ይልና ዘሎ ይሄዳል። የመብራቱ መውጣት መውረድ ነው ብዬ ገመዱን ለውጬለታለሁ። ይስተካከላል።

አጎትሽ

የካቲት 14

ጋሼ፤

ሰላምታዬን ሌላ ጊዜ በደንብ አቀርባለሁ። ይህን እንዳነበቡ ተነሥተው ወደ ክፍሉ ይሂዱ።

መብራቱ አይደለም። "የጥላ ምራቅ" ያልኩት እትዬ እንደምትለው ነው፤ እርስዎ እንደሚሉት አይደለም። ተሳስተናል፤ እንዲህ ባለ ነገር ላይ በቤት ቋንቋ መናገር አልነበረብኝም።

ግራጫው ቀጭን የሆነው ማቀዝቀዣው ትንሽ ስለሆነ ነው። ሲሞቀው ራሱን እንዳያቃጥል ሩጫውን ይቀንሳል። የእኛ ፈተና አጭር ነው፣ ክፍላችንም ብርድ ነው፤ ማሽኑ ገና ላብ ሳይነካው ነጥቡ ተመዝግቦ ያልቃል። እርስዎ ስለ ክፍሉ የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ ባልደረቦቼ ከሥራ ሲወጡ እኔ ቀረሁና ማሽኑን ቁም ሳጥን ውስጥ ዘጋሁበት፣ አጠገቡ የክፍል ማሞቂያ አበራሁ፣ ሥራ አበዛሁበት። እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ከጥቁሩ በታች ወረደ። ጥቁሩን እንዲሁ ባደርገው ንቅንቅ አላለም። ያ የሚጮኸው ማራገቢያ ለካ ሥራ ነበረው።

ለአለቃዬ ነገርኩት። "ማን ይህን ጠየቀሽ?" አለኝ። "ሆስፒታል ውስጥ ይገባል" አልኩት። "የተባልሽውን ለኪ። ከዚያ ወዲያ ያለው የገዢው ጉዳይ ነው። ፊርማሽንም አትርሺ" አለኝ። ወጣሁ።

አሁን የሚያደርጉትን ልንገርዎ። ቁም ሳጥኑን ይክፈቱት፤ ባይሆን በሩን ይንቀሉት። ማሽኑን ከመስኮቱ አርቀው ኮሪደሩ ላይ፣ ጥላ ቦታ ያኑሩት። ማራገቢያ ከየትም ይፈልጉና ፊቱን ወደ እሱ ያዙሩ። ከዚያ የራስዎን ፈተና ይፈትኑት፤ ጠዋት ሳይሆን ከሰዓት በኋላ፣ አልጋው ሁሉ በተያያዘበት ሰዓት። እሱ ነው የእርስዎ ቁጥር። የእኔ ቁጥር ውሸት አይደለም፤ ለሌላ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። እስከዚያው እትዬን ነርስ በዓይኗ ትጠብቃት።

ስልክ አንሥቼ ነበር። ያለኝ ስልክ የመሥሪያ ቤቱ ብቻ ነው፣ የተደወለበትን ሁሉ ያያሉ። መልሼ አስቀመጥኩት። ይህን በፈጣኑ ፖስታ ልኬዋለሁ። አንብበው ያቃጥሉት።

ጢያራ

መጋቢት 18

ጢያራዬ፤

እንደ ልማዴ "እኛ ደህና ነን" ብዬ ልጀምር ብል እጄ እምቢ አለኝ። ደህና አይደለንም። አክስትሽ አርፋለች።

ከምሳ በኋላ ነው፤ ፀሐይዋ ገብታ አልጋዋ ላይ ደርሳ ነበር። ነርሷ ስክሪኑ ፊት ተቀምጣለች። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ዓይኗን አልነቀለችም። የአክስትሽ መስመር እያማረበት ይሄዳል። ያ የሚሄደው መስመር ግን የዚያ ሰዓት ልቧ አልነበረም፤ ቀደም ብሎ የነበረው ነው። ማሽኑ ሥራ በዝቶበት፣ ሙቀት በዝቶበት፣ ያለፈውን እያወራ ነበር። ደወሉ ሲጮህ ነርሷ ሮጠች፣ ሐኪሙ ሮጠ፣ እኔም ኮሪደሩ ላይ የአልጋ ጎማ እያሰርኩ ነበርና ሮጥኩ። የዘገየ ሰው አልነበረም። ሐኪሙ "ትንሽ ቀደም ብንል..." ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ጓንቱን አወለቀ። እጇ ቁም ሳጥኑ ላይ ነበር።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከቀብሩ በኋላ ነው። ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ የፖስታ ሠራተኛው በለቀስተኛ መሃል አልፎ መጣ፤ ፈጣን ፖስታ ነው ብሎ አስፈረመኝ። ማታ ሰው ሲወጣ አነበብኩት። ስልኩን አንሥተሽ መልሰሽ ያስቀመጥሽባትን መስመር ደጋግሜ አነበብኳት። ልቆጣሽ ፈለግኩ። ቁጣው ወደ አንቺ ሲሄድ መንገድ ላይ እኔን እያገኘኝ ይመለሳል። ጉሮሮን ለማነቅ የቸኮልኩ እኔ ነኝ። ቁም ሳጥኑን ያሠራሁት፣ ቁልፉንም ኪሴ የከተትኩት እኔ ነኝ። "እኔ ስለው ግን ለሌላ ነገር ነበር" ስትለኝ መድኃኒቱ ነው ያልኩትም እኔው ነኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የእኔ ግን የተፈታው እሷ ላይ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ሥራ ገባሁ፤ እስከዚያ ሕሙማኑን በዓይናቸው እንዲጠብቁ ልኬባቸው ነበር። ያልሽኝን ፈተና ፈተንኩት። አልጋው ሁሉ እንደተያያዘ፣ ትርፉን ሽቦ ደረቴ ላይ ለጠፍኩና ነቀልኩት። ጠዋት ወዲያው ጮኸ። ከሰዓት በኋላ ያንኑ ሽቦ ከደረቴ ነቅዬ ቆሜ ጠበቅኩ። ስክሪኑ ላይ ልቤ ይመታል። ሽቦው በእጄ ነው፣ ልቤ ስክሪኑ ላይ ይመታል። መቆም ሲያቅተኝ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ነርሷ አጠገቤ መጥታ ቆመች፣ አየችው፣ አፏን በእጇ ያዘች። እሷም እስከዚያ ቀን ጥፋቱ የእኔ ነው ብላ ስታለቅስ ነበር የከረመችው።

ከዚያ ማሽኑን ኮሪደር አወጣሁት፣ ማራገቢያ አዞርኩበት። አሁን ከሰዓትም ጠዋትም አንድ ነው። እውነትሽን ነው፤ ጥላ ሲያገኝ ጢያራ ነው። ቁጥርሽ አልዋሸም። እኔ ነኝ ቁጥር ዘመድ የለውም ብዬ ወላጁን ሳልጠይቅ የተቀበልኩት።

አሁን ወደምፈልግሽ ጉዳይ ልምጣ። ጉሮሮ ግራጫውን የሚሸጠውን አቅራቢ ተወዳጅቶታል። ያንቺን የውጤት ወረቀት አባዝቶ ለሌሎች ሆስፒታሎች እያዞረ ነው፤ የእኔንም ንግግር አብሮ ያወራል፣ "ቁጥር ዘመድ የለውም" እያለ። አብዛኞቹ ከእኛ የባሰ ሙቀት ባለባቸው ከተሞች ያሉ ናቸው። ሁሉም ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሊያስገቡት ነው። ሄጄ ለኃላፊዎቻቸው ተናገርኩ። ሽቦውን፣ ወንበሩን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡኝ፣ አዘኑልኝ፣ በር ድረስ ሸኙኝ። ከኋላዬ አንዱ "ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ነው" ሲል ሰማሁት። ማኅተም ያለውን ወረቀት የሚሽረው ሌላ ማኅተም ያለው ወረቀት ነው፤ እሱ ደግሞ በእጅሽ ነው ያለው። ማሞቂያ አብርተሽ የለካሽውን ውጤት በስምሽና በፊርማሽ ላኪልኝ።

ምን እንደምጠይቅሽ አውቃለሁ። ሥራሽንም መኖሪያሽንም ነው የምጠይቅሽ፤ ያንን ልጅ ካርቶን ተሸክሞ ሲወጣ አየዋለሁ። ደብዳቤሽን አላቃጠልኩትም። ትራሷ ሥር ከሌሎቹ ጋር አኑሬዋለሁ፤ ያላንቺ ፈቃድ ግን ለማንም አላሳየውም። እምቢ ብትይም ልጄ ነሽ። ይህ ቤትም ቤትሽ ነው፣ ክፍልሽ እንደነበረ ነው።

ሆስፒታሎቹ በወሩ መጨረሻ ግዢውን ይፈርማሉ አሉ። ስልኬን ታውቂዋለሽ።

ልጅ ሳለሽ ጥላ ላይ ስተፋልሽ የኖርኩት ስለምወድሽ ነው። አሁንም እወድሻለሁ። ይህን ከመጻፌ በፊት ደጃፉ ላይ ወጣሁ፤ ዛሬ የተፋሁት ፀሐይ ላይ ነው። ሳይደርቅ ድረሺ።

አጎትሽ